ዓሣና አበባ ሁሉም ያሳያል

ወንድሜ ማርቆስ ባረፈ ሰሞን አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ወደ ሱቁ መጣች። በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦዋን ከተቀበለችኝ በኋላ አልሄደችም። ወደ ውስጥ አሻግራ እያየች፣ «ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ዛሬ የለም?» አለችኝ።

እዚህ ዳቬይተን፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ስማችንን የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። ለሰፈሩ ሰው ሁላችንም «ማይ ፍሬንድ» ነን። ወንድሜ ግን ይህ ሌላ ስም ነበረው።

«ሞቷል፣ ጎጎ» አልኳት። ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ቃሉን ከአፌ ያወጣሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ለአገር ቤት መርዶውን የነገሩት ሌሎች ነበሩ።

«ኤሽ!» አለችና አፏን በመዳፏ ከደነች። ዳቦውን እንደታቀፈች ብዙ ቆመች። ከኋላዋ ሰው ተሰለፈ። ከዚያ፣ «አሁን እኛ ማንን እንጠይቃለን?» ብላኝ ሄደች።

መጻፍ አልለመድኩም። ትምህርቴ ሆሳዕና ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አበቃ። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

እኔ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ፣ እሱ የመጀመሪያው። ከአገር ሲወጣ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውሰውም። የማውቀው ድምፁን ነበር፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በአጎቴ ስልክ የሚመጣ ድምፅ። ጆሃንስበርግ ደርሼ ሊቀበለኝ ሲመጣም ያወቅኩት በድምፁ ነው። አቅፎኝ ሲያበቃ ትከሻዬን ይዞ ራቅ አደረገኝ፣ ቀረብ አደረገኝ፣ እንደገና ራቅ አደረገኝ። እናታችንን ነው መሰለኝ ፊቴ ላይ የሚፈልገው። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ ሳየው ግን ማንኛውንም ነገር የሚያየው እንዲያ ነው። አንድ ጊዜ ከቅርብ፣ አንድ ጊዜ ከሩቅ።

ረጅም ነበር። ዝቅ ባለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ብዙ ዘመን ስለሠራ ውጭም ሲሄድ አንገቱን ሰበር ያደርግ ነበር። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። እሱ ቤኪ ይለኛል። በረከት ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ኢሚግሬሽን ቢሮ ሰልፍ ላይ።

ስለ ቴሌቪዥን ከማን እንደተማረ አላውቅም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በስልኩ የስክሪን ዓይነት የሚያወዳድሩ ሰዎችን ይሰማ ነበር። ከዚያ የአገራችን ልጆች ማማከር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሰፈሩ። አንድ ሰው መጥቶ «ቴሌቪዥን ልገዛ ነው» ሲለው ስንት ኢንች፣ በስንት ብር አይልም። መጀመሪያ «የት ነው የምትቀመጠው?» ይላል። ቀጥሎ «ማን ነው አብሮህ የሚያየው?» ይላል። ብዙዎቹ የሱቅ ልጆች «ብቻዬን» ብለው ይመልሳሉ። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል።

ያቺ ጎጎም አንድ ቀን ቴሌቪዥኗ እንደደከመባት ነገረችው። ቀን ቀን ምንም አይታይም፣ አዲስ ልግዛ ወይ አለችው። እኔን ሱቅ አስቀምጦ ቤቷ ድረስ ሄደ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።

«ምን ግዢ አልካት?»

«ምንም። ወንበሯን አዞርኩላት። የመስኮቱ ብርሃን ከጀርባዋ ስክሪኑ ላይ ያርፍ ነበር። ከመግዛት በፊት ወንበር ማዞር ነው፣ ቤኪ።»

ደሳለኝ ግን አላማከረውም። ደሳለኝ ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው የአገራችን ልጅ ነው፤ የጋሼ የልብ ጓደኛ። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ እንድናይለት ጠራን። ክፍሉ ውስጥ አልጋና ቴሌቪዥን ብቻ አለ። አልጋው ላይ ተቀምጠህ እጅህን ብትዘረጋ ስክሪኑን ትነካለህ። ኳስ ከፈተልን።

«እህስ? እንዴት ነው?» አለ ደሳለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

ጋሼ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። «በረኛውን አይቼዋለሁ። አጥቂው ወዴት ሄደ?»

«እዚያ ጋ ነዋ! ወደ በሩ ጋ!»

«ለሱማ ታክሲ መያዝ አለብኝ። ደሴ፣ የገዛኸው ቴሌቪዥን ነው ወይስ ግድግዳ?»

«ቅናት ነው! ቤኪ፣ ወንድምህን ቀንተሃል በለው።»

«ቀንቻለሁ። አንገትህን ሲያምህ ግን የማሸው ያው እኔ ነኝ።»

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ነበር። ከዚያ መሳቁን ተወና፣ «ጥሩ ነው ግን። ክፍሉ ሞላለት» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ይናገርና ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ለራሱ ቴሌቪዥን አልገዛም ነበር። ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ የተሰቀለች አሮጌ ነበረች። እኛ ደግሞ ፍርግርጉ ጋ ስለምንቆም ሁልጊዜ የምናያት ከጎን ነው። ከጎን ስትታይ ቀለሟ ይነጣል፤ ጥቁር ሰው ግራጫ ይሆናል። «ይህቺ እኮ ሰውን ሁሉ አመድ ትነሰንስበታለች» ይል ነበር።

ዕቃ ልንገዛ ወይም ለሥራ በቅርባችን ወዳለችው ቤኖኒ ከተማ ስንሄድ ወደ ገበያ አዳራሹ ጎራ ማለት ነበረብን። የቴሌቪዥን መደብሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስክሪን ነው። ሁሉም ላይ ያው ነው የሚታየው፤ ዓሣ፣ ኮራል፣ ጠል ያረፈበት አበባ፣ በቢላ የሚቆረጥ ብርቱካን። ሻጩ ፈጥኖ ይመጣና ቀለሙን እይልኝ ይላል።

ጋሼ በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና በአማርኛ ለእኔ፣ «ዓሣና አበባ ሁሉም ያሳያል» ይለኛል። ከዚያ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ ፍላሽ አውጥቶ ለሻጩ ይሰጣል።

ፍላሹ ላይ ያለው አንድ አጭር ቪዲዮ ነው። የአጎታችን ልጅ አንድ ምሽት በስልክ የቀረጸው። እናታችን ከቤታችን ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ቆማለች። ፀሐይ ጠልቃለች። እንሰት ሲመሽ ምን ያህል እንደሚጨልም የደቡብ ሰው ያውቃል። ቀሚሷ ጠቆር ያለ ነው፣ ፊቷ ጠይም ነው። ነጠላዋ ነጭ ነው። የሆነ ነገር ትናገራለች፣ ድምፁ በነፋስ ተሸፍኗል። ስልክ ላይ ስታያት የጣት ቁራጭ ናት። አብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍተው ደግሞ እናቴ የለችም። ነጠላዋ ብቻዋን እንሰት ውስጥ ቆማለች።

«ነጠላዋን አየናት» ይላል ጋሼ። «ባለቤቷን አምጡ።»

ልዩነቱን ያስረዳኝ እዚያ ቆመን ነው። «ርካሹ ሁሉ ከኋላው መብራት አለው» ይለኛል። «መስኮት ላይ መጋረጃ እንደመጋረድ ቁጠረው። ጥቁር ሲያስፈልግ መጋረጃውን ይዘጋል። ግን መጋረጃ ነው፣ ያሾልካል። ስለዚህ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከጎን ብታየውም አይነጣም፣ ግን ጥቁሩ ደካማ ነው። ሁለተኛው ጥቁሩ ጥሩ ነው፣ ግን ፊት ለፊቱ ካልተቀመጥክ ይጠፋብሃል። የመጀመሪያው ለብዙ ሰው ነው። ሁለተኛው ለአንድ ሰው።»

«ኪውሌድ የሚሉትስ?»

«ቀለሙ ይደምቃል። መጋረጃው ያው ነው።»

«ኦሌድስ?»

እዚህ ላይ ዓይኑ ይበራ ነበር። «የኛን መንደር አስብ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ኩራዝ አለው። የተኛ ያጠፋል፣ የነቃ ያበራል። ከኋላ ለሁሉም የሚያበራ የለም። የስክሪኑ እያንዳንዷ ነጥብ እንደዚያ ናት። ለዚህ ነው ጨለማው ጨለማ የሆነው።»

«ታዲያ ለምን አንገዛውም?»

«መንደር ውድ ነው፣ ቤኪ።»

አንድ ቀን መደብሩ ጭር ያለ ነበር። ሻጩም ጨዋ ልጅ ነው። ፍላሹን ወስዶ መሃል ላይ ለብቻው የቆመው ኦሌድ ላይ ሰካው። ጋሼ እንደልማዱ ቀረብ ብሎ ነበር። ቪዲዮው ሲጀምር ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ላይ እስኪደገፍ ድረስ ወደ ኋላ ሄደ።

እናቴ ነበረች። እያንዳንዱ የእንሰት ቅጠል ከኋላዋ ለየብቻው ይታያል። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ይታያል። ጉንጯ መጉደሉን አየን። ስታወራ እየፈገገች እንደነበር እስከዚያ ቀን አላወቅንም። ጋሼ እናቱን ካያት የእኔን ዕድሜ የሚያህል ዘመን ሆኖታል። እኔ ሳውቃት አርጅታ ነው፤ እሱ የተዋት ግን ሌላ ሴት ናት። ቪዲዮው አለቀና ራሱ እንደገና ጀመረ። አለቀና ጀመረ።

«ማን ናት?» አለ ሻጩ በእንግሊዝኛ።

«እናቴ» አለ ጋሼ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀ። ሲነገረው ሳቀ፤ ሻጩም ሳቀ። ፍላሹን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና በአማርኛ፣ «አየናት። በቃ፣ እንሂድ» አለኝ።

ሁልጊዜ ልንገዛ ስንል የሆነ ነገር ይመጣ ነበር። የአጎቴ ሕመም መጣ። ሱቁ ተሰብሮ ተዘረፈ። እኔ ራሴ መጣሁ። ለመንገዴ ያወጣው ምን ያህል እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።

ያረፈው ከሰዓት በኋላ ነው። ጭንቅላቴን አለኝ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደም ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር፣ ኪኒኑን ግን እንደ ከረሜላ ሲያስታውስ ነበር የሚወስደው። ከዚያ ምላሱ ተሳሰረ። ሸምሱ የዕቃ መጫኛ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሆስፒታል በረረ። ሸምሱ ጎረቤታችን ነው፤ የስልጤ ልጅ፣ ጅምላ መሸጫ አለው። የጋሼን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሸምሱ በየመሃሉ እየዞረ «አናግረው! ቤኪ፣ አናግረው!» ይለኛል። እኔ ግን ስሙን ብቻ ነበር የምጠራው።

እዚህ አንድ ሰው ሲሞት አስከሬኑ አገሩ ይገባል፤ የአገር ልጅና የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ተረዳድተው ይልኩታል። አብሮ የሚሄድ ሰው ይመረጣል። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፔፐሬን አዩት። የስደተኛ ወረቀት ነው። አንደኛው መልሶ እየሰጠኝ፣ «ይሄ መውጫ አለው እንጂ መግቢያ የለውም፣ ልጄ» አለኝ። አጎቴም በስልክ፣ «እናትህ አንዱን ቀብራ ሌላው ሥራ ፈት ሆኖ አጠገቧ ቢቀመጥ ምን ይረባታል? እዚያው ቁም» አለ። ደሳለኝ ወረቀቱ ደህና ስለሆነ እሱ እንዲሄድ ተወሰነ።

ደሳለኝ ሊሄድ ሲል አንገቴን ይዞ፣ «ቀብሩን በስልኬ ላይቭ አስተላልፋለሁ። አጠገቤ እንደቆምክ ሁሉን ታያለህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በቀብሩ ቀን የእናቴን ፊት ማየት። ፊቷን በደንብ ካየሁ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ለቅሶው የተቀመጠው ሱቁ ባለበት ግቢ፣ አከራያችን በለቀቀልን ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰዎች የደሳለኝን ቴሌቪዥን ከካትሌሆንግ እናምጣ አሉ። እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ወንድሜን በተዋስነው ነገር ልሸኘው አልፈለግሁም።

ብቻዬን ወደ ቤኖኒ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ጋሼ የሚቀመጥበትን የመስኮት ጎን ትቼ ነው የተቀመጥኩት። መደብሩ ውስጥ ያው ዓሣው አለ። ሻጯ አዲስ ልጅ ናት። አቅሜን ነገርኳት፤ ኦሌዱን ሳትጠራው ወደ ሁለት ቴሌቪዥኖች ወሰደችኝ። መጠናቸው እኩል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። ፍላሹን ሰጠኋት።

ሁለቱ ላይ እኩል ከፈተችው። ፊት ለፊት ስቆም ሁለተኛው ላይ እናቴ አለች። እንደ ኦሌዱ አይደለም፣ ግን አለች፤ ዓይኗ ይለያል። የመጀመሪያው ላይ በጭስ ውስጥ እንዳለ ሰው ናት። ወደ ጎን ስሄድ ሁለተኛው ላይ ጠፋች። የመጀመሪያው ላይ ግን የትም ብሄድ ያው ናት፤ በጭስ ውስጥም ቢሆን አትጠፋም።

እዚያ ብዙ ቆምኩ። ጋራዡ ውስጥ ሰው በሦስቱ ግድግዳ ዙሪያ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ ባለለቅሶ ነኝ፤ የሚገባውን ሰው ተነሥቼ ለመቀበል ቦታዬ በሩ ጋ ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ለራሴ፣ ለኋላ፣ ሁሉም ሄዶ ብቻዬን ስቀር ግን ሁለተኛው ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ የትኛው ነው?» ብዬ ዞር ማለቴ ትዝ ይለኛል። ሻጯ እሷን የጠራኋት መስሏት ቀረበች።

«ጥቁሩ የዚህኛው ይሻላል» አለችኝ ሁለተኛውን እያሳየች።

«አውቃለሁ። ያኛውን ስጪኝ።»

«ለቤተሰብ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

ሸምሱ በመኪናው ወሰደልኝ። ጋራዡ ውስጥ አብረን ሰቀልነው። በቀብሩ ቀን ብዙ ሰው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከጆሃንስበርግ ወዲያ ማዶ፣ ከዲፕስሉት ድረስ የመጡ ነበሩ። ግማሹ የኛው የሃዲያና የከምባታ ልጅ፣ ግማሹ እንደ ሸምሱ ያለ። የእኛ ቋንቋ ስለማይገናኝ እዚህ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ጎጎም መጥታ በላስቲክ ወንበር ተቀመጠች።

ላይቩ ሲከፈት ደሳለኝ ስልኩን አቁሞ ነበር የያዘው። ምስሉ ስክሪኑ መሃል ላይ እንደ በር ስንጥቅ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ግራና ቀኙ ባዶ ጥቁር ነው። «አጋድመው በሉት!» አለ አንዱ። ማንም ሊለው አይችልም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ደሳለኝን ለሳምንት ይሰድበው ነበር።

በዚያ ስንጥቅ ውስጥ አየነው። መዘምራኑ አለፉ። ሳጥኑ አለፈ። ፓስተሩ ሲጸልይ ሸማው ብቻ ይታያል። ሰዎች እየገቡ ስለነበር እኔ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ከበሩ ሆኜ ከጎን ነው ያየሁት። አልነጣም። መግዛቱ ልክ ነበር።

አፈሩ ሲመለስ እናቴን ሴቶች በብብቷ ደግፈው አመጧት። ደሳለኝ ቃሉን አልረሳም፤ ወደ እሷ ቀረበና ስልኩን ፊቷ ድረስ አስጠጋ። ቀን ነበር፣ ብርሃን ነበር። ስንጥቁን ሞላችው። ፊቷን አየሁት። የፈለግሁትን ያህል አየሁት። ስታለቅስ ቆይታ እንባዋ ያለቀ ሰው ፊት ነው።

ስልኩን ስታየው ቆመች። በሃዲይኛ ደሳለኝን አንድ ነገር ጠየቀችው። ደሳለኝ ከስልኩ ኋላ ሆኖ መለሰላት። እንደገና ጠየቀችው። መለሰላት፣ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ያዘችው፣ አገላብጣ ከኋላው አየችው። ስክሪኑ ላይ ሰማይ፣ ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው እግር ታየ። እሷን የሚወስዷት ሴቶች ድምፅ ይሰማ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ የኛ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹ እኔን አዩኝ። ሸምሱ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እናታችን ምን አለች፣ ቤኪ?»

«‹አሳየኝ› ነው ያለችው» አልኩት።

«ማንን?»

«እኔን» አልኩት።